ደረት ሲከፈት ምላጩ ለማን ይሰጣል? ስለ ሴት የደረት ቀዶ ሐኪሞች የቀረበ ጥያቄ

ጣርማበር_ጉም | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

በሰሜን ሸዋ ከሚገኙ ሆስፒታሎች በአንዱ የምሠራ አጠቃላይ ቀዶ ሐኪም ነኝ፤ ሴት ነኝ። ከዓመት በፊት በደረት ቀዶ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ለመውሰድ አስቤ ሐሳቤን ለቅርብ ሰዎቼ ሳካፍል፣ አብዛኞቹ ስለ ሳንባም ሆነ ስለ ልብ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ መቼ እንደምወልድ ነው። አብሮኝ የተማረ ወንድ ባልደረባዬ በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ሐሳብ ሲያቀርብ ግን ምርቃት ወረደለት፤ እርሱም በቅርቡ የመጀመሪያ ልጁን የሚጠብቅ ሰው ነው።

ደረትን ለምን እንደመረጥኩ ላስቀድም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእርሷ አልፎ ወደ መንዝ ሲወጣ ብርዱ ይብሳል። እንጨት በሌለበት ደጋ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበቱም የሚጨሰው መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ከንጋት እስከ ምሽት ጭሱን እየማገች የምትውለው ሴቷ ናት። እኔ ዘንድ ስትደርስ ሕመሟ ብዙ ጊዜ «የጎን ውጋት» ተብሎ ሲታሽና በጸበል ሲሞከር ሰንብቷል። ደረቷ ውስጥ የተጠራቀመው መግል ገና ቀጭን ከሆነ ቱቦ አስገብተን እናወጣዋለን፤ ከቆየ ግን ይወፍርና ሳንባውን እንደ ቅርፊት ጠፍንጎ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ደረት ተከፍቶ ቅርፊቱ መላጥ ስላለበት፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ ወረፋ እንድትይዝ ወረቀት ጽፌ እሰጣታለሁ። ያንን ወረቀት መጻፍ ስለሰለቸኝ ነው ደረትን የመረጥኩት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በሬዚደንትነቴ፣ ማለትም ለቀዶ ሐኪምነት በምሠለጥንበት ዘመን፣ ስሙን በማልጠቅሰው ማሠልጠኛ፣ ለሁለት ወራት ደረት ክፍል ተመድቤ ነበር። ደረት በጎን በኩል ሲከፈት ታካሚው በጎኑ እንዲተኛ ይደረጋል፤ ዋናው ቀዶ ሐኪም ከታካሚው ጀርባ በኩል ሲቆም ረዳቱ ከፊት ይቆማል። በእነዚያ ሁለት ወራት 14 ጊዜ ታጥቤ ወደ ቀዶ ሕክምና ገብቻለሁ፤ ከጀርባ በኩል የቆምኩት 2 ጊዜ ብቻ ነበር። አብሮኝ የተመደበው ወንድ ሬዚደንት፣ በፈተና ከእኔ የማይሻል እንደሆነ እርሱ ራሱ የሚመሰክር፣ ቆሞ ያልከፈተበት ሳምንት አልነበረም። የከለከለኝ ሰው ግን አልነበረም። ሲኒየሩ፣ የሚያሠለጥነን ነባር ሐኪም፣ ወደ ክፍሉ ሲገባ እጁ ወደ እርሱ ይጠቁማል፤ በቃ፣ አለቀ። እኔም ለራሴ «ነገ ይደርሰኛል» እያልኩ ከፊት ቆሜ የጎድን አጥንት መለያያውን ስይዝ ከረምኩ።

በመግቢያ ፈተና ስንት ሴት አለፈች የሚለውን ቁጥር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሪፖርትም ይጻፋል። ጠረጴዛው ዘንድ ከደረሱ በኋላ ምላጩ ለማን እንደተሰጠ የሚመዘግብ ግን አላየሁም። የእናንተስ ልምድ እንዴት ነው?

---

ዘሞላሌ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ዶክተር፣ ጽሑፍዎን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ እኔም በዚሁ ሙያ ያለሁ ወንድ ቀዶ ሐኪም ነኝና ሳልሸፋፍን ልናገር። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር የደረት ቀዶ ሐኪሞች እጅግ ጥቂት በሆኑበት ሁኔታ፣ ቀዳሚው ጥያቄ ማን ይሁን የሚለው ሳይሆን ስንት ይሁን የሚለው ይመስለኛል። ለተራበ ሰው እንጀራውን ማን እንደጋገረው አያሳስበውም።

ሁለተኛ፣ ሁለት ወር ጥቂት ነው። አሥራ አራት ቀዶ ሕክምና ስለ አንድ ሥርዓት ለመፍረድ የሚያበቃ ቁጥር አይደለም፤ አብሮዎት የነበረው ወንድ ቀድሞ ሌላ ቦታ ልምድ አካብቶ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ለሴቶች የተለየ ኮታ ይደረግ ከተባለ፣ በራሷ ችሎታ የገባችውን ጎበዝ ሴት ሳይቀር «በኮታ ነው የገባችው» የሚል ጥላ ይከተላታል። ይህን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ እኅቴም ሐኪም ናት።

---

ምላጭ_አቀባይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ከዲዩቲ (ከተረኝነት) ወጥቼ ነው የምጽፈው፤ ስሕተት ካለ ይቅርታ። እኔ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ። ምላጩን በእጄ የማቀብለው እኔ ስለሆንኩ ጥያቄው በቀጥታ ይመለከተኛል።

ዶክተር ዘሞላሌ፣ «ሁለት ወር ጥቂት ነው» ያሉት ትክክል ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ሁለቱም ፆታ አንድ ዓይነት ልምድ ይዘው ጎን ለጎን ሲቆሙ ሲኒየሩ ወደየትኛው እንደሚዞር ሳልጠብቅ አውቀዋለሁ። ይባስ ብሎ እኔ ራሴ፣ ሴት ሆኜ፣ ማን እንደሚከፍት ሳይነገረኝ ምላጩን ይዤ ወደ ወንዱ የዞርኩበት ቀን ነበር። ሬዚደንቷ አየችኝ እንጂ ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን በኋላ አፌን ከፍቼ «ማን ነው የሚከፍተው?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ይህን ለማድረግ ሰከንድ አይፈጅም።

ስለ ጉልበት የሚነሳውን ወሬም ልመልስ፣ ባይጻፍም ሁልጊዜ ይነገራልና። የጎድን አጥንት በጡንቻ አይከፈትም፤ መለያያው ጥርስ ያለው መሣሪያ ስለሆነ እጀታው ሲዞር ቀስ በቀስ ይለያያል። የደረት አጥንት ደግሞ በመጋዝ ነው የሚቆረጠው። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ እርሱም መሣሪያው ለማን እጅ እንደተሠራ ነው። ባለ እጀታ የስፌት መሣሪያዎችን በአንድ እጅ ለመጭመቅ እጃቸው ትንሽ የሆኑት ሐኪሞች፣ ወንዶችም ጭምር፣ ሁለት እጅ ሲጠቀሙ አያለሁ። ጓንት ደግሞ ሲገዛ ሰባት ተኩልና ስምንት ቁጥር ይበዛል፤ ስድስት የሚለብሱት ጣታቸው ጫፍ ላይ ላስቲኩ እየተጨማደደ ይሰፋሉ። ጠረጴዛውም ለረጅም ሰው ከፍ ብሎ ሲቀር አጭሯ ሐኪም መርገጫ የሚያመጣላት አታገኝም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ አራት ሰዓት ቆሞ ለሚሠራ ግን ትንሽ አይደለም።

---

የመንዝ_ባና | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:40

ሐኪሞች ብቻ ሲነጋገሩ ጣልቃ ስለገባሁ አትቀየሙኝ። እኔ መምህር ነኝ፤ ታናሽ እኅቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። በልጅነቷ ጉሮሮዋን በተደጋጋሚ ያማት ነበር፤ ቶንሲል ነው እየተባለ በቤት መድኃኒት ሲታለፍ ኖሮ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ እያጠራት መጣ። ኋላ ላይ የልቧ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት በር) መጥበቡ ታወቀ፤ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ጀመረች፤ ቀጥሎም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ተነገረን።

ሐኪሞቹ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ ደጎችም ነበሩ፤ አንድም ክፉ ቃል አልሰማንም። ነገር ግን ስለሚገባላት ቫልቭ ዓይነት ሲነገረን የተነገረው ለእኔና ለአባታችን ነው። እኅቴ ከጎናችን ተቀምጣ ነበር። ወደ ውጭ ስንወጣ በሹክሹክታ «ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቅልኝ» አለችኝ። ተመልሼ ለመጠየቅ አፈርኩ። ምናልባት ሴት ሐኪም ብትኖር ራሷ ትጠይቃት ነበር እላለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ደግሞስ የቫልቩ ዓይነት ከመውለድ ጋር ምን አገናኘው?

---

ጣርማበር_ጉም | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

መምህር፣ በመጻፍዎ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎ ይህን ሁሉ ክርክር ወደ መሬት የሚያወርድ ነውና በዝርዝር ልመልስ።

ከጉሮሮ ኢንፌክሽን የሚነሳው የልብ ቫልቭ ሕመም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ቫልቭ መለወጥ ግድ ሲሆን ሁለት ዓይነት ምርጫ አለ። አንዱ ከብረትና ከካርቦን መሰል ነገር የተሠራው ሲሆን ለረጅም ዘመን ያገለግላል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት መውሰድና በየጊዜው ደም እየሰጡ መመርመር ያስፈልጋል። ዋርፋሪን ደግሞ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ከእንስሳ አካል የሚዘጋጀው ነው፤ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም፣ በወጣት ሰው ላይ ግን ቶሎ ስለሚያረጅ ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል። ስለዚህ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የቫልቭ ምርጫ የልብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ትዳርና ልጅ፣ በሃያ ዓመቷ ምን እንደምትሆን ሁሉ አብሮ ይወሰናል። እርሷን ከጎን አስቀምጦ ለአባቷ መንገር ስሕተት ነው፤ ስሕተቱን የሠራው ወንድ ስለሆነ አይደለም። ሴትም ብትሠራው ያው ነው። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ከራሷ ሕይወት የምታውቅ ሐኪም በክፍሉ ውስጥ ስትኖር ጥያቄው ቶሎ ይነሳል፤ ስታነሳው ደግሞ ወንዶቹ ባልደረቦቿም ይለምዱታል።

እኅትዎን ወደ ሐኪሟ ይዘዋት ሲሄዱ ራሷ እንድትጠይቅ ያድርጉ፤ ቀዶ ሕክምናው ገና ከሆነ አሁንም አልረፈደም። በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1960 በሰው ልብ ውስጥ ሰው ሠራሽ የማይትራል ቫልቭ (በልብ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው በር) በተሳካ ሁኔታ የተተካው በአሜሪካዊቷ ቀዶ ሐኪም ኒና ብራውንዋልድ እጅ ነው። ቫልቩን የነደፈችው እርሷ ነበረች፤ ታካሚዋም የ44 ዓመት ሴት ነበረች፤ ሐኪሟ ደግሞ የሦስት ሴት ልጆች እናት ነበረች። «መቼ ትወልጃለሽ» ለሚሉኝ ሰዎች ይህን መንገር እየለመድኩ ነው።

---

ጡረተኛው_ከአንኮበር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

ልጆቼ፣ የተናገራችሁትን ሁሉ ሳነብ አነጋሁ። እኔ ዘመኔን ያሳለፍኩት በጤና መኮንንነት ነው፤ አሁን ደጄ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ከፍታ የሰጠችኝን አነባለሁ።

ዶክተር ዘሞላሌ እንጀራውን ማን እንደጋገረው አያሳስብም ላልከው፣ እኔ ሸዋ ውስጥ ያደግኩ ሰው እንጀራን ሁልጊዜ ሴት ጋግራ ወንድ ሲመሰገንበት አይቻለሁ! ይህ እንደ ቀልድ ይያዝልኝ።

ቁም ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በአዲስ አበባው የፊስቱላ ሆስፒታል፣ በአስቸጋሪ ምጥ የተጎዱ ሴቶች በሚታከሙበት፣ የሠራች ማሚቱ ጋሼ የምትባል ሴት አለች። መጀመሪያ ወደ ሕክምና የመጣችው ራሷ ታማ ነው፤ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ከጎናቸው አቁመው እጇን አስለመዷት፤ ከዚያ በኋላ ፊስቱላን ከሚጠግኑ የታወቁ እጆች አንዷ ሆነች፤ ከውጭ ለሚመጡ ሐኪሞችም አስተምራለች። ይህን ያነሳሁት ለጥያቄያችሁ መልስ ስላለበት ነው። ማሚቱን ቀዶ ሐኪም ያደረጋት መግቢያ ፈተና አይደለም፤ አጠገቧ የቆሙት ሐኪሞች ምላጩን ስለሰጧት ነው።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ካምፓስ በስማቸው የተጠራላቸው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ቀዶ ሐኪም ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን የሠለጠኑ ሰዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ጥሩ አስተማሪ የሚለየው ራሱ በሠራው ሳይሆን ተማሪውን በፈቀደለት ነው ይላሉ። ሴትን ይፈቅዱላት ነበር ወይ? ያንን እኔ አላየሁም፤ አላዋሽም።

---

ዘሞላሌ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:10

ጋሼ፣ ቀልድዎ ተገቢ ነው፤ ተቀብያለሁ። ሲስተር ምላጭ_አቀባይ የጻፉትንም አንብቤ ትናንት ማታ ብዙ አሰብኩ፤ ምክንያቱም ባለፉት ሳምንታት የከፈትኳቸውን ቆጥሬ ማንን ከጀርባ እንዳቆምኩ ለማስታወስ ሞከርኩና አልቻልኩም። አለማስታወሴ ራሱ መልስ ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ በኮታ ጉዳይ አልተስማማሁም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ይፈቅዳል፤ ሕጋዊነቱን አልጠይቅም። የምጠይቀው በልዩ ሥልጠና ደረጃ ጠቃሚነቱን ነው። የአሜሪካንን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከሕክምና ተማሪዎቻቸው ግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው፤ በደረት ቀዶ ሕክምና ግን ሴቶቹ አሥር በመቶ እንኳ አልሞሉም። በሩ ክፍት ሆኖ ሰው ካልገባ ችግሩ በሩ ላይ ነው ለማለት ይከብዳል።

---

ዲዩቲ_ላይ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:45

ዶክተር ዘሞላሌ ያነሱት ቁጥር ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን በሩን ብቻ አይቶ ደረጃውን የረሳ ይመስለኛል።

እኔ የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ፤ ወንድ ነኝ፤ ባለቤቴም የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ናት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ለእናት ይሰጥ ነበር፤ አባት ደግሞ 10 የሥራ ቀን ያገኝ ነበር። ባለቤቴ ፈቃዷን ጨርሳ ስትመለስ ያጣችው የሥልጠና ጊዜ እንዴት እንደሚካካስ የሚነግራት ጽሑፍ አጣች፤ አንዱ «ከሚቀጥለው ባች ጋር ትመረቂያለሽ» ሲላት ሌላው «ዲዩቲሽን ደራርበሽ ክፈዪ» አላት። ሕፃን እያጠቡ ዲዩቲ መደራረብ ምን እንደሆነ ሌሊት አብሬአት ስላየሁ አውቀዋለሁ። እኔ ግን በአሥሩ ቀኔ ማግሥት ተመልሼ ሳለሁ ያጣሁት ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም «አባት ሆነ፣ በረታ» ተባልኩ። አጠቃላይ ቀዶ ሕክምና አራት ዓመት ነው፤ ከዚያ በላይ የደረት ልዩ ሥልጠና ሲጨመርበት ሴቷ የምትወልድበት ዕድሜ ሙሉ በሙሉ በሥልጠናው ውስጥ ይወድቃል። በሩ ክፍት ነው፤ ደረጃው ግን ለአንድ ዓይነት እግር ነው የተሠራው።

ስለ ደረትም አንድ ነገር አለ፤ በአንዳንድ ሥራዎች በቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ራጅ እየበራ ይሠራል። ነፍሰ ጡር ሐኪም ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ብረት ሽርጥ ትለብሳለች፤ ሽርጡ ግን ለእርግዝና ልክ ካልሆነ አይሸፍናትም፤ ሲነገርም «እንግዲህ አትግቢ» ነው መልሱ። አትግቢ ማለት ደግሞ ምላጩን አታገኚም ማለት ነው።

---

ቆላ_ሸዋሮቢት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:20

የተጻፈው ሁሉ ይስማማኛል፤ ግን «ሴትና ወንድ» ላይ ብቻ ስትቆዩ አንድ ነገር አለፋችሁ። ሸዋ ሮቢት አካባቢ የምንሠራ ሰዎች ታካሚዎቻችን አማርኛ ብቻ አይናገሩም፤ አርጎብኛ የሚናገር አለ፣ ኦሮምኛ የሚናገር አለ፣ ከአፋር በኩል የሚመጣም አለ። ደረቱ ላይ ቱቦ የገባለት ሰው «በጥልቀት ተንፍስ፣ ሳል» ሲባል ካልገባው ሳንባው አይዘረጋም። አንዲት የአፋር እናት በአስተርጓሚ ልጇ በኩል ስትጠየቅ፣ ወንድ ልጅዋ ስለ ጡትና ደረት ለመተርጎም አፍሮ ግማሹን ሲዘለው አይቻለሁ። ብዝኃነት ስንል የምናወራው ስለዚህም ይሁን።

በአሜሪካ የሆነውንም አንድ ሰው አንስቷልና፣ ሰማያዊ ሕፃናት የሚባሉትን፣ በልብ ጉድለት ሳቢያ ቆዳቸው የሚጠቁረውን፣ ለማዳን እ.ኤ.አ. በ1944 በጆንስ ሆፕኪንስ የተሠራው የልብ ቀዶ ሕክምና ዘዴው በእንስሳት ላይ የተፈተነው በጥቁሩ የቤተ ሙከራ ባለሙያ በቪቪየን ቶማስ እጅ ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ለዓመታትም የሚገባው ስም ሳይሰጠው ቆየ፤ የክብር ዶክትሬት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። የእነዚያን ሕፃናት ሕመም ለመፍታት ሐሳቡን ያመነጨችው ሄለን ታውሲግም ሴት ነበረች። ሁለቱም በዚያ ክፍል ባይኖሩ ኖሮ ያ ዕለት እንደዚያ አይሆንም ነበር።

---

ጣርማበር_ጉም | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:00

ዶክተር ዘሞላሌ ስለ ኮታ ያሉትን ከልቤ አስቤበታለሁ። እኔም ኮታ አልጠየቅኩም፤ ጽሑፌን መልሰው ቢያዩት ቃሉ የለበትም። የጠየቅኩት መዝገብ ነው። የኦፕራሲዮን መዝገባችን የታካሚውን ስም፣ የሕመሙን ዓይነት፣ የዋናውን ሐኪምና የረዳቱን ስም ይይዛል። ነገር ግን «ዋና» ተብሎ የሚጻፈው ሲኒየሩ ስለሆነ፣ ቆዳውን ማን ከፈተ፣ ቅርፊቱን ማን ላጠ፣ ደም ስሩን ማን ቋጠረ የሚለው ከመዝገቡ አይገኝም። አንድ ዓምድ ቢጨመር ይገኛል። ከስድስት ወር በኋላ ቆጥረን እኔ ተሳስቼ ከሆነ «ተሳስታለች» ይባላል፤ ደስ ብሎኝ እቀበላለሁ።

ቆላ_ሸዋሮቢት ያነሱትን ስለ ቋንቋ አላሰብኩትም ነበር፤ እውነት ነው። ለደረት ታካሚ የአተነፋፈስ መመሪያውን በአርጎብኛና በአፋርኛ በድምፅ መቅዳት የሚቻል ይመስለኛል፤ የሚያግዝ ሰው ካለ ይጻፍልኝ።

ለዲዩቲ_ላይ፦ ባለቤትዎ ያጋጠማትን አንድ ገጽ ላይ ብትጽፍልኝ፣ ስሟ ሳይጠቀስ፣ ማመልከቻዬን ይዤ ስሄድ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች በእርሱ አዘጋጃለሁ። ፈቃድ የወሰደች ሠልጣኝ ያጣችው ጊዜ እንዴት ይካካሳል የሚለውን ከመግባቴ በፊት በጽሑፍ እፈልገዋለሁ።

---

ዘሞላሌ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:25

ዓምዱን እኔ ባለሁበት ክፍል ከሰኞ ጀምሮ በእጅ እንጨምራለን፤ ወረቀቱን በገዢ አስምሬዋለሁ። ስለ ኮታ አቋሜ እንደነበረ ነው።

---

ምላጭ_አቀባይ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1:05

ዶክተር ዘሞላሌ፣ ዓምዱን የሚሞላው ማን እንደሆነ ቀድመው ይወስኑ፤ ሐኪሙ ራሱ ከሞላው ሁሉም «እኔ» ይላል። በእኛ ክፍል የሚሞላው ምላጩን ያቀበለው ሰው እንዲሆን ተስማምተናል። የስድስት ቁጥር ጓንትም ትናንት ጠይቄአለሁ፤ ግዢ ክፍሉ «ስንት ሰው ይለብሰዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ቆጥሬ አራት አልኩት፤ አንዱ ወንድ ነው።